የማንጎን ችግኝ ስለ መግረዝና ስለ መጠበቅ

በአዳማ ከተማ፣ ቀድሞ ናዝሬት ትባል በነበረችው፣ ግቢ ያለው ሰው ሁሉ አንድ የፍሬ ዛፍ ሊተክል ይወዳል። ምድሩ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ነው፤ ፀሐዩ ብዙ ነው፤ ብርዱም እንደ ደጋው አይጠነክርም። ስለዚህ ማንጎ በዚህ ስፍራ ደኅና አድርጎ ይበቅላል። ሰው ፍሬውን በልቶ ዘሩን በአጥሩ ሥር ይቀብራል፤ በበቀለለትም ጊዜ ውሃ ያጠጣዋል። ዛፉ ከሰው ቁመት በበለጠ ጊዜ ግን «እንግዲህስ አደገ» ብሎ ይተወዋል። መትከልንና ማጠጣትን የማያውቅ ሰው ጥቂት ነው፤ መግረዝን የሚደፍር ግን ከዚያም ይልቅ ጥቂት ነው።

መግረዝ ማለት የዛፉን አካሄድ የሚያበላሸውን ቅርንጫፍ አውቆ መቁረጥ ነው። «አውቆ» ማለቴ ማገዶ የሚለቅም ሰውም ይቆርጣልና ነው።

እኔም ራሴ ከማይደፍሩት ወገን ነበርሁ። ልጅነቴ ያለፈው በቤተ ክርስቲያን ቅጽር አጠገብ ነው። በዚያ ጽዱና ወይራው እንደ በቀለ ይኖራል፤ ቅርንጫፉን የሰበረ ልጅ ቢገኝ የመምህሩ አለንጋ ያገኘዋል። ልማዱ መልካም ነው፤ በደጋው አገር የጥንቱ ደን ተመንጥሮ ባለቀበት ስፍራ እንኳ በየአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ተርፎ የሚታየው በዚህ ልማድ ነውና። ነገር ግን የደን ዛፍና የጓሮ ዛፍ አንድ እንዳይደሉ እስክረዳ ድረስ ብዙ ዘመን ፈጀብኝ፤ ዋጋውንም ሌላ ሰው ከፈለልኝ።

ወደ አዳማ ለማስተማር በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት ከቤቴ ግድግዳ አራት ክንድ ያህል አርቄ አንድ ማንጎ ተከልሁ። አንድ ቀን እንኳ ቢላ ሳላስነካው አሳደግሁት። እርሱም እንደ ሰንደቅ ዕንጨት ቀጥ ብሎ ወጣ፤ እኔም በቁመቱ እመካ ነበር። በስምንተኛው ዓመት ማፍራት ጀመረ፤ ፍሬው ግን ሁሉ ከጣራው በላይ ሆነ። ለእኛ የሚደርሰን ወፍ በልቶ የጣለው ብቻ ነበር። በዐሥረኛው ዓመት የእህቴ ልጅ፣ ገና የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ፣ ፍሬ ሊያወርድ ወጣ። የቆመበት ቅርንጫፍ ከግንዱ ከተጋጠመበት ስፍራ ተገነጠለ፤ ልጁም ከነቅርንጫፉ ወረደ። ክንዱ ከሁለት ስፍራ ተሰበረ። ወጌሻም ሐኪምም አዩት፤ ዳነም፤ ነገር ግን ቀኝ እጁ ዛሬም እንደ ግራው አይዘረጋም።

በዚያው ሳምንት አንድ ጎረቤታችን ሊጠይቁን መጡ። እኒህ ሽማግሌ በላይኛው አዋሽ፣ በኑራ ኤራ የፍራፍሬ እርሻ፣ ብዙ ዘመን የሠሩ የአትክልት ሠራተኛ ናቸው። ልጁን ጠይቀው ቡናቸውን ከጠጡ በኋላ ወጥተው ዛፉን ዞረው አዩት፤ የተገነጠለውንም ስፍራ በጣታቸው ዳሰሱት።

«የኔታ፣» አሉኝ፣ «ይህን ዛፍ እኮ አላሳደጉትም፤ ለቀቁት እንጂ።»

ነገሩ ከነከነኝ። እርሳቸው ግን አልተዉኝም፤ «ይህ ቅርንጫፍ እንደ እርሳስ ቀጥኖ ሳለ በሁለት ጣት ይነሣ ነበር። ያን ጊዜ ራሩለት፤ ለልጁ ግን ሳይራሩ ቀሩ» አሉኝ። ከዚህ በታች የምጽፈው አብዛኛው ከእርሳቸው የተማርሁት ነው፤ የቀረውንም ከመጻሕፍት አገኘሁት።

ዛፍን ከመግረዝ አስቀድሞ ጠባዩን ማወቅ ያስፈልጋል። ማንጎ ከህንድና በዙሪያዋ ካሉት አገሮች የመጣ ነው፤ የህንድ ሰዎች ከብዙ ሺህ ዓመት ጀምረው ሲያለሙት ኖረዋል። ዕድገቱ እንደ በቆሎ ዘወትር የሚቀጥል አይደለም፤ ይነሣል፣ ደግሞ ያርፋል። በተነሣ ጊዜ ከጫፉ አዲስ ቀንበጥ ያወጣል። ቅጠሉም በመጀመሪያ እንደ መዳብ ቀላ ብሎ፣ ለስልሶና ተንጠልጥሎ ይታያል። ይህን ያየ ሰው አንዳንድ ጊዜ «ዛፌ ታመመ» ብሎ ይደነግጣል፤ ሕመም ግን አይደለም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቅጠሉ ይጠነክራል፣ ጥቁር አረንጓዴም ይሆናል፤ ከዚያም ዛፉ ያርፋል። በእያንዳንዱ ዕድገት መጨረሻ ቅጠሎቹ ተቀራርበው ጫፉን ይከቡታል፤ በየቅጠሉም ብብት የተኛ እምቡጥ አለ። እኒያ ሽማግሌ ይህን የተሰበሰበ ስፍራ «ቀለበት» ይሉታል፤ እኔም እንደ እርሳቸው እጠራዋለሁ። አንባቢ ሆይ፣ ይህን ቀለበት አስብ፤ ኋላ የምንቆርጠው በእርሱ ምልክትነት ነው።

ሁለተኛው ጠባዩ ይህ ነው፤ የጫፉ እምቡጥ በታች ያሉትን እምቡጦች ያስተኛቸዋል። ስለ ምን ቢሉ፣ ጫፉ ኦክሲን የሚባል ንጥረ ነገር እየሠራ በግንዱ ውስጥ ወደ ታች ይልካል፤ ይህም ንጥረ ነገር የጎን እምቡጦችን ከመነሣት ያግዳቸዋል። ጫፉ የተቆረጠ እንደ ሆነ ግን ከላይ የሚወርደው ይቋረጣል፤ ተኝተው የነበሩትም ይነቃሉ። አንዱን ቆርጠህ ሦስትና አራት የምታገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛውም ጠባዩ አበባውን የሚያወጣው በቅርንጫፍ ጫፍ መሆኑ ነው። እንግዲህ ሒሳቡን እንመልከት። ሳይገረዝ ቀጥ ብሎ የወጣ ለጋ ዛፍ ብዙ ጊዜ አንድ ጫፍ ብቻ አለው። አንድ ጊዜ ቢገረዝና ሦስት ቅርንጫፍ ብናስቀርለት 3 ጫፍ ይኖረዋል፤ ሦስቱም ደግሞ እያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ቢያወጡ 9 ይሆናሉ፤ በሦስተኛው ጊዜ 27። ይህ ሁሉ የሚሆነው በሁለት ወይም በሦስት ዓመት ውስጥ፣ ከሰው ቁመት ሳይበልጥ ነው። በቁመት የምንሰጠውን በጫፍ ብዛት እንቀበለዋለን። ይህን በሰሌዳ ላይ ለተማሪዎቼ በጻፍሁላቸው ጊዜ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ «እንግዲያ የኔታ ዛፍ 26 ጫፍ ዕዳ አለበት» አለ። ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ፤ ከችግኙም እንጀምር።

ከዘር የበቀለ ማንጎ እስኪያፈራ አምስት፣ ስድስት፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ የበለጠ ዓመት ያስጠብቃል፤ ፍሬውም ዘሩ የተገኘበትን ፍሬ ሳይመስል ሊቀር ይችላል። ስለዚህ የሚችል ሰው የተዳቀለ ችግኝ ቢገዛ ይሻለዋል። የተዳቀለ ማለት ከዘር በበቀለ ሥር ላይ ፍሬው ከታወቀ ዛፍ የተቆረጠ ቀንበጥ ገጥመው፣ አስረው፣ አንድ አካል ያደረጉት ነው። እንዲህ ያለው በሦስትና በአራት ዓመት ያፈራል፤ ፍሬውም ቀንበጡ የመጣበትን ዛፍ ፍሬ ይመስላል። ከአዳማ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1969 ዓ.ም. የተቋቋመው የመልካሳ የእርሻ ምርምር ማእከል ኬንት፣ ኪት፣ ቶሚ አትኪንስና አፕል ማንጎ የሚባሉትን ዓይነቶች ሲመረምርና ሲያባዛ ቆይቷል። ከእነዚህም የፊተኞቹ ሦስቱ በአሜሪካ አገር በፍሎሪዳ የወጡ ናቸው። ችግኝ ስትገዛ የተጋጠመበትን ስፍራ ተመልከት፤ ደኅና አድርጎ የተዋሐደና ያልቆሰለ ይሁን። ስትተክልም ያ ስፍራ ከአፈር በላይ ይቅር። ከዚያ ስፍራ በታች የሚወጣውን ቀንበጥ ሁሉ ባየህበት ቀን አንሣው፤ እርሱ የሥሩ ልጅ እንጂ የገዛኸው ዓይነት አይደለም፤ ቢተዉትም የላዩን አስርቦ ይገድለዋል።

ስለ አተካከሉ ብዙ አልናገርም፤ ሰው ያውቀዋልና። ጉድጓዱ ወርዱም ጥልቀቱም 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ቢሆን፣ የላይኛው አፈርና በደንብ የበሰበሰ ፍግ ተደባልቆ ቢመለስበት፣ ተከላውም ዝናሙ ሲጀምር በሰኔ መጨረሻ ወይም በሐምሌ ቢሆን ይበቃል። ከቤት ግድግዳ ግን ቢያንስ አምስት ሜትር ይራቅ። የእኔን አራት ክንድ አትከተል።

ጥበቃው ግን በአዳማ የራሱ ነገር አለው። መጀመሪያ ነፋሱ ነው። ነፋሱ ምን ያህል እንደ ሆነ ሊያውቅ የሚወድ ሰው ከከተማው ወጥቶ በኮረብታው ላይ የቆሙትን ነጫጭ የነፋስ መዘውሮች ይመልከት። የፊተኛው ክፍል 34 መዘውር ሆኖ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2012፣ የኋለኛውም 102 መዘውር ሆኖ በ2015 ሥራ ጀምሯል። ያን ሁሉ ብረት የሚያዞር ነፋስ ለጋ ችግኝን ምን ያደርገዋል? ስለዚህ በነፋሱ መምጫ በኩል አንድ ካስማ ተክለህ በለስላሳ ጨርቅ ላላ አድርገህ እሰረው። ሽቦ አታድርግ፤ ግንዱ ሲወፍር ይቆርጠዋልና። ጨርቁንም በየጊዜው እየፈታህ አላላው።

ሁለተኛው ውሃው ነው። በዚህ አገር አፈሩ በብዙ ስፍራ አሸዋማ ስለ ሆነ ውሃውን ቶሎ ያሳልፈዋል። በመጀመሪያው በጋ በሳምንት ሁለት ጊዜ አንዳንድ ባልዲ ሞልቶ ቀስ አድርጎ ማጠጣት፣ በየቀኑ አንዳንድ ጣሳ ከመርጨት ይሻላል። ጥቂት ጥቂት የሚረጨው ላዩን ብቻ ያርሳል፤ ሥሩም ውሃውን ተከትሎ ከላይ ይቀራል። በግንዱ ዙሪያ አንድ ክንድ ያህል የራቀ ክብ ቦይ ማበጀት ነው፤ ውሃው ግንዱን ራሱን አይንካው። በስምጥ ሸለቆ በብዙ ስፍራ የጉድጓድ ውሃ ጨውና ፍሎራይድ ይበዛበታል። ማንጎም ጨው አይወድም፤ የቅጠሉ ጫፍና ጠርዝ እንደ ተቃጠለ ወረቀት ቡኒ የሆነ እንደ ሆነ ውሃህን ተጠራጠር። የዝናም ወይም የቧንቧ ውሃ ያለው በእርሱ ይጠቀም።

የጤፍ ጭድ በሥሩ ላይ ቢነጠፍ እርጥበቱን ይጠብቃል። ነገር ግን ከግንዱ አንድ ስንዝር ይራቅ፤ ምስጥ ጭዱን ተከትሎ መጥቶ ቅርፊቱን ይበላልና። ፍየል ያለበት ሰፈርም አጥር ይፈልጋል። ፍየል ትገርዛለች፤ አትመርጥም እንጂ።

ችግኙ ቁመቱ ወደ አንድ ሜትር ሲደርስና ግንዱ ከእርሳስ ሲወፍር የመጀመሪያው መግረዝ ይደርሳል። ይህ ጊዜ ለጀማሪ እጅግ የሚያስቸግር ነው። ስለ ምን ቢሉ፣ ዛፉ ጤነኛ ነው፣ አምሯል፣ ገና መነሣቱ ነው። ልብ እምቢ ይላል። የእኒያ ሽማግሌ ቃል ግን «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» የሚለው ነበር።

የምትቆርጠው ከመሬት 60 ወይም 70 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው። ከመቁረጥህ በፊት ቅጠሉን ተመልከት፤ ገና ቀይና ለስላሳ ከሆነ ጠብቅ፤ ጠንክሮ አረንጓዴ የሆነ እንደ ሆነ ቁረጥ። ቀዩን ቀንበጥ ለማውጣት ዛፉ ስንቁን አውጥቷል፤ ያን ጊዜ የቆረጠው ሰው ስንቁን ሳይመለስለት ቀማው ማለት ነው። ቀለበቱንም ፈልግ፤ የምትቆርጠው ከቀለበቱ በታች ነው፤ በላይ አይደለም። ከበላዩ የቆረጥህ እንደ ሆነ በቀለበቱ ውስጥ የተሰበሰቡት እምቡጦች ሁሉ በአንድ ጊዜ ይነሡና ከአንድ ነጥብ አምስት፣ ስድስት፣ ስምንት ቀንበጥ እንደ መጥረጊያ ይወጣል። ከበታቹ የቆረጥህ እንደ ሆነ ግን የሚነሡት ጥቂት ናቸው፤ በግንዱም ላይ ተራርቀው ይወጣሉ።

ቢላው ወይም መቀሱ ስለታም ይሁን፤ ያልተሳለ ነገር ቅርፊቱን ይቀጠቅጠዋል። ከአንዱ ዛፍ ወደ ሌላው ስትሄድ ስለቱን በአልኮል ጥረገው። አቆራረጡም ጥቂት ዘንበል ያለ ይሁን፤ ውሃ እንዳይተኛበት። ከቁስሉ የሚወጣው ፈሳሽ ቆዳን ያቃጥላል፤ በአንዳንድ ሰውም ላይ ሽፍታ ያወጣል። ስለዚህ እጅህን ሳትታጠብ ዐይንህን አትሽ፤ ሕፃናትም አጠገብህ አይቁሙ። በመንገዳችን ዳር የሚተከለው፣ ቀይ ፍሬው እንደ ዶቃ የሚንጠለጠለው፣ ቁንዶ በርበሬ የምንለው ዛፍ የማንጎ ዘመድ ነው።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቀንበጦቹ ይነሣሉ። አሁን ምርጫ አለ። ሦስት፣ ቢበዛ አራት አስቀር፤ የቀሩትን ገና ለስላሳ ሳሉ በጣትህ አንሣቸው። የምታስቀራቸው ሦስቱ ከሦስት አቅጣጫ ይሁኑ፤ በግንዱም ላይ አንዱ ከሌላው ጥቂት ከፍና ዝቅ ያለ ይሁን። ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ከግንዱ የሚወጡበትን ማዕዘን ተመልከት። እኒያ ሽማግሌ እጃቸውን ዘርግተው አውራ ጣታቸውንና ሌባ ጣታቸውን አሳዩኝ፤ ሲራራቁ በመካከላቸው ሰፊ ስፍራ አለ። «እንዲህ ያለውን አስቀሩ» አሉኝ። ከዚያም ሌባ ጣታቸውንና መሐል ጣታቸውን አጠጋግተው አሳዩኝና «ይህ ግን ጠላት ነው» አሉ።

ይህም ምክንያት አለው። ቅርንጫፍና ግንድ በጠባብ ማዕዘን ተጣብቀው ሲያድጉ የሁለቱም ቅርፊት በመካከላቸው ይቀበራል። ቅርፊት ከቅርፊት አይዋሐድምና፣ ሁለቱ ከውጭ አንድ መስለው ይታያሉ፤ ከውስጥ ግን ስንጥቅ ነው። ዓመት በዓመት እየወፈሩ እርስ በርሳቸው ይገፋፋሉ። ነፋስ ሲመጣ ወይም ፍሬ ሲከብድ በዚያ ስፍራ ይገነጠላል። የእህቴ ልጅ የቆመበት ቅርንጫፍ እንዲህ ያለ ነበር። በተገነጠለው ስፍራ ላይ ጥቁሩ የተቀበረ ቅርፊት እንደ ቢላ ሰገባ ሆኖ ይታይ ነበር፤ ሽማግሌው በጣታቸው የዳሰሱት እርሱን ነው።

የተመረጡት ሦስቱ 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲረዝሙ እነርሱንም እንደ መጀመሪያው ከቀለበቱ በታች ቁረጣቸው፤ ከሚወጡትም ሦስት ሦስት አስቀር። ሦስተኛውም እንዲሁ ነው። ከሦስተኛው በኋላ ዛፉ እንደ ጎድጓዳ ሰፌድ ተዘርግቶ መካከሉ ክፍት ይሆናል፤ ፀሐይና ነፋስም ይገቡበታል። ወደ ውስጥ የሚያድገውን፣ እርስ በርሱ የሚፋተገውን፣ ወደ መሬት የሚጎነበሰውንም ማንሣት ነው። አንዳንድ ሰው ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ሊፈጽም ይወዳል፤ አይሆንም። ቅጠል የዛፍ ወጥ ቤት ነው፤ ለጋውን ዛፍ ቅጠሉን አራቁቶ «ገረዝሁት» የሚል ሰው ወጥ ቤቱን አፍርሶ ምሳ የሚጠብቅ ነው።

የመግረዣው ወራት ዛፉ ለመነሣት ኀይል ያለው ጊዜ ነው፤ ሙቀትና እርጥበት ባለበት ወቅት፣ ዝናም በሌለበት በጠራ ቀን፣ ጠዋት። በበጋ ውሃ ሳያጠጡ መግረዝ ዛፉን ሁለት ጊዜ መቅጣት ነው። ማፍራት የጀመረ ዛፍ ግን ፍሬው እንደ ተለቀመ ወዲያው ይገረዝ። አዲሱ ቀንበጥ ጠንክሮ አበባ ለመያዝ ብዙ ወራት ይፈልጋል፤ ቅዝቃዜው ሊገባ ሲል የገረዘ ሰው የመጪውን ዓመት አበባ በመቀስ ለቀመው ማለት ነው።

የተዳቀለ ማንጎ አንዳንድ ጊዜ በተተከለ በመጀመሪያው ዓመት ያብባል። ያን ጊዜ ቤተ ሰቡ ሁሉ ይደሰታል። ይህ አበባ ግን መነሣት አለበት፤ በሁለተኛውም ዓመት እንዲሁ። ስለ ምን ቢሉ፣ ቀንበጡ የተቆረጠው ከአሮጌ ዛፍ ስለ ሆነ ማበብን ያውቃል፤ አካሉ ግን ገና የሕፃን ነው። ፍሬውን እንዲሸከም ቢተዉት ዕድገቱ ይቆማል፤ ቅርንጫፉም ይጎብጣል። እኔ ሁለተኛውን ችግኝ በተከልሁ ጊዜ ባለቤቴ በዚህ ነገር አልተስማማችም ነበር። አበባውን ሳነሣ አይታ «ሰው ጠላቱን እንኳ እንዲህ አያደርግም» አለችኝ። አንዱን ዘለላ ደብቃ አስቀረችው። ከእርሱም አንድ ፍሬ ተገኘ፤ ከዕንቁላል ጥቂት የሚበልጥ፤ ቅርንጫፉም ያን ዓመት ሌላ ቀንበጥ ሳያወጣ ቀረ። ከዚያ በኋላ ስለ አበባው አልተከራከርንም።

ዛፍን ዝቅ አድርጎና መካከሉን ከፍቶ ማሳደግ በዛሬ ዘመን ሌላም ጥቅም አለው፤ ይኸውም ስለ ተባይ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2010 ዓ.ም. በምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በምሥራቅ ወለጋ፣ ቀድሞ በአገራችን ያልታወቀ አንድ የማንጎ ተባይ ተገኘ። ነጭ ነው፤ ቅጠሉንና ፍሬውን በቅርፊት ተሸፍኖ ይመጣል። ሴቲቱ ክብ ሆና ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ትሆናለች፤ ወንዶቹ ግን ተሰብስበው እንደ ተበተነ ዱቄት ይታያሉ። ተጣብቆ ፈሳሹን ሲመጥጥ ቅጠሉ በየስፍራው ይገረጣል፤ በፍሬውም ላይ ሮዝ መሳይ ነቁጥ ይወጣል፤ ገበያም አይቀበለውም። ከወለጋ ወዲህ ወደ ሌሎች የአገራችን ክፍሎች ተዛምቷል፤ ሰው ችግኝና ፍሬ ሲያመላልስ አብሮ ይሄዳልና።

ይህ ተባይ ጥቅጥቅ ያለ ጥላ ይወድዳል። ዐሥር ሜትር በቆመና ቅጠሉ በተደራረበ ዛፍ ላይ ማን ያየዋል? ቢያይስ ማን ይደርስበታል? በሰው ቁመት ባለ ዛፍ ላይ ግን ልጅ እንኳ ቅጠሉን ገልብጦ ሊመለከት ይችላል። ነጩን ያየ ሰው ያን ቅርንጫፍ ቆርጦ በግቢው ውስጥ ያቃጥለው፤ ወደ መንገድም ወደ ወንዝም አይጣለው። ከማይታወቅ ስፍራ የመጣ ችግኝም ሳይመረመር ወደ ግቢ አይግባ።

ልጁን ስለ ጣለው ዛፍ የጠየቀኝ ሰው ብዙ ነው። ወዲያው ላስቆርጠው መጥረቢያ ይዤ ነበር፤ ሽማግሌው ናቸው የያዙኝ። «ጥፋቱ የእርሱ ነውን?» አሉኝ። ያደገውን ዛፍ ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ ነገር ግን በአንድ ጊዜ አይደለም። በመጀመሪያው ዓመት ፍሬው ካለቀ በኋላ ከረጃጅሞቹ ቅርንጫፎች ሲሶውን በመጋዝ አነሣን። ትልቅ ቅርንጫፍ ሲቆረጥ በመጀመሪያ ከበታቹ ጥቂት መጋዝ ነው፤ ከዚያ ከበላዩ። ይህ ካልሆነ በክብደቱ ሲወድቅ የግንዱን ቅርፊት እስከ ታች ገፍፎት ይሄዳል። በጥላ የኖረው ቅርፊት ድንገት ፀሐይ ሲያገኘው ይቃጠላልና፣ የተገለጠውን ሁሉ በውሃ በተበጠበጠ ኖራ ቀባነው። በሁለተኛው ዓመት ሌላውን ሲሶ፣ በሦስተኛውም የቀረውን ቆረጥን። ሁለት ዓመት ፍሬ የሚባል አላየንም፤ ማንጎ ከገበያ እየገዛን በላን፤ ጎረቤቶቻችንም ኖራ የተቀባውን ዛፍ እያዩ «የኔታ ዛፉን ከፈኑት» ይሉ ነበር።

በአራተኛው ዓመት አበበ። ከተቆረጡት ስፍራዎች የወጡትን ቀንበጦች መርጠን ሰፊ ማዕዘን ያላቸውን ብቻ አስቀርተን ነበርና፣ ፍሬው አብዛኛው እጅ በሚደርስበት ሆነ። የእህቴ ልጅ አሁን ጎልማሳ ነው፤ በየዓመቱ በመከር ጊዜ ይመጣል፤ ከዛፉ ላይ ግን አይወጣም፤ ቆሞ በግራ እጁ ይለቅማል። ዛፉም አልታረመም፤ አንድ ዓመት የተውነው እንደ ሆነ ዳግመኛ ወደ ጣራው ይነሣል። ስለዚህ የመጨረሻው ፍሬ በወረደ ማግሥት ከበሩ በስተኋላ በምስማር የተሰቀለውን መጋዝ እናወርዳለን።